ላስቲኩ ያልተነሣለት ሣጥን

ረቡዕ፣ የካቲት ፯፣ ጠዋት
ከወርክሾፑ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከረምክልኝ? እኛ ደኅና ነን። ይህን ያልኩት ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ እኔስ ደኅና አይደለሁም። አልታመምኩም፤ ቁጭ ማለት ነው ያቃተኝ። የምጽፍልህ ከመላጊያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነውና ወረቀቱ ላይ ሰጋቱራ ብታገኝ አራግፈው። ከጠዋት ጀምሮ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ኮላው ደርቆ እንደሆነ አያለሁ፣ ያልተበላሸውን ወንበር ገልብጬ እነቅፋለሁ። ሠራተኞቼ "እትዬን ዛሬ ምን ነክቷቸዋል?" ተባብለው ወደ ጓሮ ሸሽተውኛል። እኔም ብሆን እሸሽ ነበር።

በስልክ ያልነገርኩህ በአባትህ ምክንያት ነው። አንተ ስትደውል "ድምፁን ክፈቺው፣ እኔም ልስማው" ብሎ ከጎኔ ይለጠፋል። ከዚያ ስለምትሠራበት ፎቅ ይጠይቅሃል። አንተ ትዋሻለህ፣ እኔን ሳል ይይዘኛል፣ እሱ ደግሞ በማግስቱ ፀጉር ቤት ሄዶ "የኔ ልጅ ያላበራው ሕንፃ የለም" እያለ ያወራል። የበረንዳችን መብራት ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው! ሠራተኛ ልጥራ ስለው "ባለሙያው ልጄ እያለ ማን ይነካዋል?" ብሎ በጨለማ እየተደናበረ ይገባል፣ ይወጣል።

አባትህ ቤት ባልነበረበት በዚያ ቀን ደውለህ እያለቀስክ የነገርከኝን ለሰው ትንፍሽ አላልኩም። እዚያ ባሕር ማዶ ሲፈትኑህ የመብራት ማከፋፈያውን ሣጥን ከየት እንደምትጀምረው እንኳ እንደጠፋህ፣ ፈታኙ ሠርተፊኬትህን አገላብጦ አይቶ በትሕትና እንደመለሰልህ፣ አሁን የምትውለው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታወርድ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። "ለአባዬም ቢሆን እንዳትነግሪው፤ ሙያውን ሳልይዝ አልመለስም" አልከኝ። እኔም እሺ አልኩህ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ነቀዝኩ፣ ልጄ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አነስተኛ ድርጅቶችን ወክዬ የሙያ ማሠልጠኛው ኤጀንሲ ቦርድ ውስጥ መግባቴን ታውቃለህ። አንተን ያሠለጠነው ኤጀንሲ ነው። አዲሱ ሕግ ከውጭ ሰው ይግባ ስላለ ነው እንጂ እኔን ናፍቀው አልጠሩኝም። እስከዚያ ድረስ ቦርድ የሚባለው ዋና ዳይሬክተሩና እሱው የሾማቸው የክፍል ኃላፊዎች ነበሩ። እሱ ይሰበስባል፣ እሱ ሪፖርት ያቀርባል፣ እነሱ ያጸድቃሉ፤ ድምፅ እኩል ከተከፈለም እሱ ሁለተኛ ድምፅ አለው። እናንተ ሠልጣኞች "ጋሽ ቁልፍ" ያላችሁት ወዳችሁ አይደለም። ወገቡ ላይ ያን ሁሉ ቁልፍ አንጠልጥሎ ሲመጣ ገና ከደረጃው ይሰማል። የማሠልጠኛ ጣቢያ ኃላፊ የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር እሱን በደብዳቤ ያስፈቅዳል። የአዲሶቹ መሣሪያዎች ክፍልማ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ላስቲካቸው ይገለጣል፣ ሠልጣኝ አጠገባቸው ይቆማል፣ እንግዳው ሲሸኝ ላስቲኩ ይመለሳል፣ በሩ ይቆለፋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄው ነው።

ይህን ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሥልጠናህ ዘመን ሁሉ ያየኸው ሣጥን በጠመኔ የተሣለው ነበር፤ እውነተኛው ክፍል አንድ ቀን ገባህ፣ እሱም ለፎቶ። ቆብ አጥልቀውልህ፣ ካቻቢቴ አስይዘውህ፣ "የምትጠግን ምሰል" አሉህ። ያ ፎቶ አሁን በትልቁ ታትሞ ከስብሰባው አዳራሽ በር ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ለቤት አንድ ቅጂ እንኳ ያልሰጠኸን ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስብሰባ በመጣሁ ቁጥር ፊት ለፊት እንገጣጠማለን፤ ፈገግ ብለሃል፣ እኔ ግን ያቺን ፈገግታህን አውቃታለሁ፤ ሕፃን ሆነህ መርፌ ልትወጋ ስትል የምታሳያት ናት።

ጋሽ ቁልፍ ለውጥ ያስፈልጋል ያለውን ሁሉ ወደዚያ ፎቶ ነው የሚወስደው። "ይህን ወጣት ይመልከቱ፤ ዛሬ ባሕር ማዶ ፎቅ ያበራል። የእኛ ሥልጠና ምን ጎደለው?" ይላል። ባለፈው ስብሰባ ጭራሽ ወደ እኔ ዞሮ "እናቱ እዚሁ አሉ፤ እስቲ ይንገሩን፣ ልጅዎ የት ነው የሚሠራው?" አለኝ። ሁሉም አየኝ። "ደኅና ነው፣ ተመስገን" አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው የሆቴሎች ማኅበር ተወካይ ጎንበስ ብሎ "የተጠየቁት ስለ ጤናው አልነበረም" አለኝ በሹክሹክታ። ሰውየው ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን በቦርሳዬ ላጠናግረው ምንም አልቀረኝም።

ዛሬ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ተቋሙን የሚመራ ሰው ቦርዱን አይሰብስብ፣ ድምፅም አይስጥ፤ የክፍሎቹ ቁልፍና በጀት በየጣቢያው ለሚቋቋመው አመራር ይሰጥ፤ ያሠለጠነ አይመዝን፣ ሌላ አካል ይመዝን፤ ክርክሩ ይህ ነው። ይሄ እኮ የወርክሾፔ ሕግ ነው። ወንበሩን የሠራው ልጅ "ጠንካራ ነው" ቢለኝ አላምነውም፤ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

እኔ ደግሞ ሁለት አንቀጾች አስገብቻለሁ። አንደኛው፣ ጉዳዩ ራሱን ወይም ቤተሰቡን የሚነካ የቦርድ አባል ያንኑ ተናግሮ ይውጣ፣ ድምፅም አይስጥ የሚል ነው። የወንድም ልጅና የሚስት እኅት በጨረታና በቅጥር ሲያልፉ ስላየሁ "ይሄማ መቆም አለበት" ብዬ ጠረጴዛ መትቼ ያስገባሁት ነው። ሁለተኛው፣ እስካሁን የተመረቀ ሁሉ ቢፈልግ ያለ ክፍያ ተመልሶ በእውነተኛው መሣሪያ ይሠልጥን፣ በአዲሱ አካልም ይመዘን የሚል ነው። ይህን ያስገባሁት ለአንተ ነው። ለአገር ነው፣ ለትውልድ ነው እያልኩ አልዋሽህም። መመለሻ መንገድ ልሠራልህ ፈልጌ ነው።

ሁለቱ አንቀጾች እርስ በርሳቸው እንደሚላተሙ ያየሁት ትናንት ነው። የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ሳለ እጄ ቀጥ አለ። ሁለተኛው አንቀጽ ልጄን ይነካል። እንግዲህ በራሴ አንቀጽ ተናግሬ መውጣት አለብኝ። ከተናገርኩ ደግሞ ባሕር ማዶ ፎቅ የሚያበራ ልጅ ምን ብሎ እንደገና እንደሚሠለጥን ማንም ይገባዋል። ዝም ካልኩ የሚያውቅ የለም፤ ድምፄን ሰጥቼ አጸድቀውና ምስጢርህም መንገድህም ይተርፍልኛል። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነው! ዝም ብዬ ግን ነገ የማንን የወንድም ልጅ እከለክላለሁ?

ሰዓቱ ደረሰ። ሽርጤን ላውልቅ። ምን እንደማደርግ እግዜር ይወቅ፣ እኔ አላውቅም።


ያው ዕለት፣ ከኤጀንሲው ኮሪደር

ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ስለሆነ ነው። ፊት ለፊቴ አንተ አለህ፣ ካቻቢቴህን ይዘህ። በሩ ከጀርባዬ ተዘግቷል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አለዚያ እዚህ ተቀምጬ ጥፍሬን እጨርሰዋለሁ። ክርክሩ ረጅም ነበር። ጋሽ ቁልፍ ተነሥቶ "በእኔ ዘመን ከዚህ ተቋም አንድ መሣሪያ ጠፍቶ ያውቃል?" ሲል ሆቴለኛው "ማን ነክቷቸው ይጥፉ!" አለ፤ የገዛ ክፍል ኃላፊዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ድምፅ ሲሰጥ፣ ጉዳዩ የራሱ ሥልጣን ስለሆነ እሱ ሳይመርጥ፣ አምስት ለአራት አለፈ። አለፈ፣ ልጄ! እኔ የጥቅም ግጭት ያልኩትም፣ በክርክሩ ሰብሳቢ ሁለት ድምፅ አይኑረው ብዬ የጨመርኩትም አብሮ አለፈ። ወዲያው ከውጭ ከገባነው አንዷ፣ የነርሶች አስተማሪ የነበረችው ጡረተኛ፣ ሰብሳቢ ሆና ተመረጠች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ስትናገር ግን ሰው ሁሉ ወንበሩን ያስተካክላል። ጋሽ ቁልፍ ከጠረጴዛው ራስ ተነሥቶ ወደ ጎን ወንበር ሲዛወር ቁልፎቹ ተንኳኩ። ላዝንለት አስቤ አላውቅም፤ አዘንኩለት።

ከዚያ የእኔ አንቀጽ ተነበበ። አንዱ የክፍል ኃላፊ "ታዲያ እስካሁን የሰጠነው ሠርተፊኬት ሁሉ ውሸት ነበር ልንል ነው?" ብሎ ተቆጣ። ሆቴለኛው "እኔ ምግብ አብሳይ ብላችሁ የሰጣችሁኝን ልጅ ምድጃ ማብራት ያስተማርኩት እኔ ነኝ" ብሎ መለሰለት። ሰብሳቢዋ "እጅ ይነሣ" አለች።

እጄ ተነሥቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ እስከ ትከሻዬ ደርሶ ነበር። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል አየሁህ። ምን ልበልህ? እጄን አውርጄ ቆምኩ።

"ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህ አንቀጽ ልጄን ይነካል። በደንቡ መሠረት ልውጣ" አልኩ።

ያ የክፍል ኃላፊ "እንዴት ነው የሚነካው? ልጅዎ ባለሙያ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

"ደንቡ መንካቱን ተናገሪ ነው የሚለኝ። እንዴት የሚለው የለበትም" አልኩት።

ሰብሳቢዋ "ይበቃል፤ ይውጡ እትዬ" አለች። ቦርሳዬን አንሥቼ ስወጣ ማንም ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። ገብቷቸዋል።

እንግዲህ ይኸው። ምን ሆነህ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ግን ቃሌን ጠብቄአለሁ ብዬ አልሸነግልህም። ትቆጣለህ። ተቆጣ፤ መብትህ ነው። ተመለሺና እንደገና ምረጪ ብትለኝ ግን እንደገና እወጣለሁ። መሣሪያ እንዳይነካ በቆለፈ ሰው ተበላሽተህ፣ ዝም ባለች እናት ደግሞ እንድትጠገን አልፈልግም።

ቆይ፣ በሩ ተከፈተ።

…ጋሽ ቁልፍ ነበር። አሁን ድምፅ ስለሌለው ውኃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ውኃውን አልጠጣም። አጠገቤ ቆሞ ፎቶህን ያየው ጀመር።

"እውነት ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ልጁ… አልቻለም?"

ይህን ወረቀት አጥፌ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት። እሱም "እኔ እኮ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ እትዬ። ስንት ለምነን ያገኘነው መሣሪያ ነው። እያንዳንዱን በመሐረቤ ነበር የምወለውለው" አለኝ።

"አውቃለሁ። ሣጥኑ አልተበላሸም" አልኩት።

ክፋት አስቤ አልነበረም የተናገርኩት። እሱ ግን ግድግዳውን ተደገፈ። "ልክ ነዎት፤ ሣጥኑ አልተበላሸም" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በእግሩ ጫፍ ተንጠራርቶ ፎቶህን ከሚስማሩ ነቀለና በክንዱ አቧራውን ጠርጎ ሰጠኝ። "ይህን ከእንግዲህ ለማንም አላሳይም" አለና ተመልሶ ገባ። ስትስቁበት ለከረማችሁት ሁሉ ንገርልኝ፤ እኔ ዛሬ መሳቅ አልቻልኩም።

አሁን ጠርተውኛል።


ቅዳሜ፣ ከቤት

ሁለት ቀን ብዕር መያዝ ተጸይፌ ከረምኩ። በአጭሩ ልንገርህ፤ አራት ለአራት ሆነ። የጎደለችው አንዲት ድምፅ የእኔ ነበረች። ሰብሳቢዋ ከደጋፊዎቹ ናት፤ እንዳትወስን ደግሞ ሰብሳቢ ሁለተኛ ድምፅ አይኑረው ብዬ የተሟገትኩት እኔው ነኝ። አንቀጹ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ፤ ያን ጊዜም ተነሥቼ እወጣለሁ። የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ሆቴለኛው ደረጃው ላይ ይዞኝ "በራስዎ መጋዝ ጣትዎን ቆረጡ እኮ!" አለኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተቃውመው ከነበሩት አንዱን አግኝቶ እንደሚያነጋግር ቃል ገባልኝ። ያግኘው አያግኘው አላውቅም። በየሰዓቱ ስልኬን አያለሁ።

ክፍሉ ግን ተከፍቷል። ትናንት አላስችል ብሎኝ ወደ ጣቢያችሁ ሄድኩ። ጋሽ ቁልፍ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ አስረክቦ ነበር። ሠልጣኞቹ የሣጥኑን ላስቲክ ሲገፉት ሸረክ ሸረክ ይላል፤ አስተማሪያችሁ፣ ያ ሽበታሙ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ከሩቅ ያያል። "አይጀምሩም?" ብለው "እኔም ከእነሱ ጋር ነው የምጀምረው" አለኝ። ኃይል የሚያስገባለት መጋቢ ገመድ ሰኞ ይዘረጋል። እስካሁን ኤሌክትሪክ ደርሶት አያውቅም ነበር፤ አንተ ነግረኸኛል፣ በዓይኔ ሳየው ግን ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እጄ እስካሁን ያመኛል።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገርህ።

ፎቶህን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደብቄው ነበር። አባትህ ዛሬ ጠዋት ጫማውን ሲፈልግ አገኘው። "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። "ግድግዳው ሊቀባ ነው ብለው ሰጡኝ" አልኩ። ደስታው! መነጽሩን አድርጎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ድስት ማጠብ ጀመርኩ። ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው፤ የሚያየውን ያያል።

ቆይቶ ቆይቶ "ነይ እስቲ" አለኝ። ሄድኩ።

"የዚህ ሣጥን መጋቢ ገመድ የታለ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ላስቲኩም ጥግ ጥጉ ላይ አለ። አልተነሣም።" ጣቱን ፎቶው ላይ ወዳሉት እጆችህ አዞረ። ከዚያ "ልጁ ምንድን ነው የሚጠግነው?" አለኝ።

ላንተ የገባሁት ቃል አለ አይደል? አፌን ያዝኩ። እንባዬን ግን ምን ላድርገው? እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ፎቶውን አልጋው ላይ አስተኝቶ "ስለ ፎቁ ስጠይቀው አንዴ ስምንት ነው ይለኛል፣ አንዴ አሥራ ሁለት። ይሁን እያልኩ ነበር" አለ።

"ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትጠይቀዋለህ?" ብዬ ጮህኩበት።

"ሌላ ምን ብዬ ላቆየው? ስለ ሥራው ካልጠየቅኩት ቶሎ ይዘጋዋል።"

ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ፀጉር ቤት ሄዶ ምን ሊል ነው ብዬ ስንቆራጠጥ አረፈድኩ። ለካ የሄደው ከጎረቤት መሰላል ሊዋስ ኖሯል። አሁን በረንዳው ላይ አቁሞት፣ ቆሻሻውን እየጠረገለት ነው። ለአንተ እየጻፍኩ መሆኔን ሲያውቅ በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ይህን ጨምሪበት" አለኝ፤ እንዳለው ልጻፍልህ፦ "የበረንዳው መብራት አሁንም አይበራም። ሌላ ሰው አላስነካም። ባይችልም ይምጣ፤ መሰላሉን እኔ እይዝለታለሁ።"

ልጄ፣ በወጣህበት በር የሚያስገባህ፣ ካርቶን የተሸከመች ጀርባህን የሚያሳርፍ፣ ሐፍረትህን ወስዶ እንቅልፍህን የሚመልስ አምላክ ይከተልህ። የምወዳቸው እጆችህ ሙያ ይሙሉ፤ እስኪሞሉ ድረስም ባዶአቸውን እወዳቸዋለሁ።

አንተን ስትል ቁጭ ማለት ያቃታት፣
እናትህ